የተመለሰው ሰይፍ

ሴትዮዋ ሌላ መነጽር አጠለቁና መስተዋቱ ፊት አንገታቸውን ሰበቅ አደረጉ።

«ይኼስ ፊቴን አያሳብጠውም?»

«አያሳብጥም፣ እትዬ። መነጽር ነው እንጂ ንብ አይደለም።»

«ቅድም ያደረግሁት ይሻል ነበር መሰለኝ።»

«ቅድም ያደረጉት ይኼንኑ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ብሌን በነገሩ ትስቅ ነበር። ሴትዮዋ የሰፈር ሰው ናቸው፤ መነጽር ከመግዛት ይልቅ መሞከር ነው የሚወዱት። ዛሬ ግን ትዕግሥቷ እንደ ቀዳዳ ጣሳ ከጠዋት ጀምሮ ሲንጠባጠብ ውሎ አልቋል። ስልኳን የመስተዋት ጠረጴዛው ላይ ደፍታዋለች። ትገለብጠዋለች፤ ምንም የለም። ትደፋዋለች። ሴትዮዋ ወደ መስተዋቱ ዞር ሲሉ ደግሞ እንደገና ትገለብጠዋለች።

ተርጓሚው ከትናንት ምሳ ሰዓት ወዲህ አልደወለም። ስትደውልለትም አያነሳም። ነገ ደግሞ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ማለት እሄዳለሁ ወይም እቀራለሁ የሚልበት የመጨረሻው ቀን ማለት ነው።

ይህ ሰው መጀመሪያ ወደ አባቷ መነጽር ቤት የመጣው የገዛ መነጽሩ ላይ ተቀምጦ ሰብሮት ነው። «እኔ አልሰበርኩትም፤ መቀመጫዬ ነው» አለ። ብሌን ከኋላ ክፍል የመነጽር መስተዋት ስትሞርድ ሰማችውና ሳቀች። ያ ሳቅ ይዞ የመጣው ነገር እስካሁን አልለቀቃትም። የሚሠራው ከመንገዱ ማዶ ባለው ሕንጻ ነው፤ ከውጭ የሚመጡ የቪዲዮ ጨዋታዎችን ወደ ቋንቋችን የሚመልስ ድርጅት ውስጥ። መነጽሩን ሊወስድ በተመለሰ ቀን ስለ አንድ የጥንት ጦርነት ጨዋታ ሲያወራት ቆየ፤ እሷም የልጆች ነገር ነው ብላ ስታሾፍበት ቆይታ፣ በሳምንቱ ከእሱ ብሳ ስትጫወት ራሷን አገኘችው። ብሌን የሚለውን ስምም እሱ ነው ያወጣላት። «ለሰው ዓይን የምትሠራ ሴት ሌላ ስም አያስፈልጋትም» ብሎ በጨዋታው ውስጥ ጻፈላት፤ ስሙም ከጨዋታው ወጥቶ ቤተሰቦቿ አፍ ድረስ ገባ።

ከዚያ ወዲያ እሷ ከመኝታ ክፍሏ፣ እሱ ከእህቱ ቤት ሆነው ሁልጊዜ ከሥራ መልስ በጨዋታው ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ የድንጋይ ድልድይ ላይ ይገናኛሉ። ከኋላቸው ልጆቹንና ጓዙን የተሸከመ ሕዝብ ይሸሻል፤ ከፊታቸው ጦር ይመጣል። ሕዝቡ ተሻግሮ እስኪያልቅ አንድም ጠላት ሳያሳልፍ ብቻውን ድልድዩን የጠበቀ ሰው፣ ሽማግሌው አዛዥ ወገቡ ላይ ያለውን ሰይፍ ፈትቶ ይሸልመዋል። ሰይፉ ሲያዩት ተራ ነው፤ እጀታው ቀይ ቆዳ የተጠቀለለበት፣ አፉ ጥርስ ጥርስ ያወጣ። ነገር ግን ሌላ መሣሪያ የሌለው አንድ ዕድል አለው፤ የተሸለመው ሰው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ሊሰጠው ይችላል። ተርጓሚው እሱን ለማግኘት ወራት ሙሉ ሲሞት ከረመ።

ባለፈው ሳምንት ከሩቅ አገር ሥራ መጣለት፤ ሦስት ዓመት፣ ጥሩ ደመወዝ። «ዓርብ ሳይደርስ አንድ ነገር እልክልሻለሁ» አላት።

«አሁን ለምን አትነግረኝም?»

«በአፌ ሲሆን ይበላሻል።»

ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ሰይፉ መጣ። ስክሪኑ ላይ ሽማግሌው አዛዥ በሁለት መዳፉ ዘርግቶላታል። ከሥሩ የተርጓሚው ቃል አለ፤ «ድልድዩን ከእኔ ጋር ትጠብቂያለሽ? እሺ ካልሽኝ አልሄድም።» ከዚያ በታች ሁለት ቁልፎች፤ «ያዝ» እና «መልስ»። ብሌን «መልስ» የሚለውን ነካች። እሺ ብላ የምትጽፍበት ቦታ ይከፈታል ብላ ጠበቀች። ሰይፉ ብልጭ ብሎ ጠፋና «ተመልሷል» የሚል ጽሑፍ ወጣ። እሷም ጥያቄው ተመልሷል፣ እሺታዬ ደርሶታል ብላ ስልኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ ጥሪውን ጠበቀች።

ይኸው እስካሁን ትጠብቃለች። ተጸጸተ ማለት ነው ትላለች ለራሷ። ሰው እሺ ሲባል የሚጠፋ ከሆነ እንቢ ቢባል ምን ሊሆን ነበር? ደግሞ ወዲያው ትናፍቀዋለች፤ መናፈቋ ይበልጥ ያናድዳታል።

በሩ ተከፈተና የተርጓሚው እህት ገባች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የልኬት ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የመጣችው። ሰላምታም አልሰጠች።

«ደስ አለሽ አሁን?» አለች።

«ምን አደረግሁ ደግሞ?»

«ወንድሜ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ሰው ከጠላ በሰላም አልፈልግም ይላል እንጂ እንዲህ ይመልሳል?»

«ታዲያ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት። ሰው ሲጠየቅ አይመልስም?»

«ሰው ሲሰጠው ይመልሳል?»

«እሺ ብዬ እኮ ነው የመለስኩት።»

«እሺ ብሎ የሚመልስ ሰው እስቲ አሳዪኝ። እኔ ለደንበኛ ቀሚስ ሰፍቼ ስሰጥ እሺ ብላ ብትመልስልኝ፣ ገንዘቤን ማን ይከፍለኛል?»

«የምን ቀሚስ ነው? ምን ነክቶሻል አንቺ? አፌን ሞልቼ እሺ አልኩት፤ የጠፋው እሱ ነው።»

«አፍሽን ሞልተሽ? አንድ ቃል አልወጣሽም። ፊቱ ላይ ወረወርሽለት።»

ሴትዮዋ መነጽሩን ከአፍንጫቸው ዝቅ አድርገው ሁለቱንም በየተራ አዩ። «ቆይ፣ ልጆች፤ አትጯጯሁብኝ» አሉ። «ይቺ መልስ ሰጠሁ ትላለች። አንቺ ደግሞ ዕቃ መለስሽ ትያታለሽ። እስቲ መጀመሪያ ስለ አንድ ነገር ተጣሉ።»

ብሌን ቀስ ብላ ስልኳን አነሳች። ጨዋታውን ከፈተች። የትናንቱን ፈልጋ አገኘችው፤ «መልስ» ይላል። ይህን ጊዜ ግን ቃሉ ዓይኗ ላይ ተገለበጠ። ጥያቄ የሚከተለው መልስ አይደለም። ትእዛዝ ነው፤ ውሰድ፣ ጣል፣ ምታ እንደሚባለው፣ መልስ። የሰጠህን ሰው ዕቃውን መልስለት።

«እኔ ነኝ የመለስኩበት» አለች፤ ድምፅዋ ከራሷ ጆሮ የራቀ መሰላት። «ሰይፉን።»

እህቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ወይ አንቺ ልጅ» አለች፤ ቁጣው በአንድ ጊዜ እንደ ፊኛ ተንፍሶ። «እሱ እኮ ዛሬ ጠዋት ደወለላቸው።»

ለማን ብላ አልጠየቀችም፤ ሩቅ አገር ላሉት ቀጣሪዎች ነው።

ጃኬቷን ስታነሳ አባቷ ከኋላ ክፍል ወጡ። ባለመነጽር ቤቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጃቸውን ይወዳሉ። ችግሩ ሲወዱ እንደ መነጽር ነው፤ ልኩን ራሳቸው ለክተው፣ ቁጥሩን ራሳቸው ወስነው።

«ወዴት ነው? እንግዶቹ አሥር ሰዓት ይደርሳሉ።»

እንግዶቹ የዓይን ሐኪሙና እናቱ ናቸው። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፤ በሽተኞቹን ወደዚህ ቤት ይልካል፣ ብሌንንም ባየ ቁጥር ስለ አየሩ ይጠይቃታል። ሌላ ጥፋት የለበትም።

«እመለሳለሁ፣ አባባ።»

«ወደዚያ ጨዋታ ተርጓሚ ከሆነ አትሂጂ። የተከበሩ ሰዎች ይመጣሉ ብዬሻለሁ።»

«እሱንም ያክብሩታ። በዚያን ቀን እዚሁ ቆሞ እየሰማ ‹እና የማይጫወት ጊዜ ምን ይሠራል?› አሉ። ሳቀ፤ እርስዎም ቀልዱ የገባው መሰለዎት። ከዚያን ቀን ወዲህ ይኼን በር ረግጦ አያውቅም። ፎቶ ቤቱ ጥግ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ፣ እንደ ሌባ።»

«እኔ ለቀልድ ነው ያልኩት።»

«አውቃለሁ። እሱ ግን እውነት ነው ብሎ ወሰደው። ሁላችሁም አንድ ነገር ተናግራችሁ ሌላ ነው የምታሰሙት፤ ጨጓራዬን ላጣችሁት።»

ከሱቁ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር መኪና ጡሩንባ ነፋባት። አባቷ ፊት እንዲህ ተናግራ አታውቅም።

ተርጓሚው የሚሠራበት ክፍል መጋረጃው ሁልጊዜ የተዘጋ ነው። ጠረጴዛዎቹ ተደርድረዋል፤ በየጠረጴዛው አንድ ስክሪን፣ ጥቅልል ሽቦና የቀዘቀዘ ሻይ። ጥግ ላይ ጨዋታ የሚፈትሽ ባልደረባው ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ በሌላ ዓለም ይኖራል፤ በየመሃሉ ምንም ስሜት በሌለው ድምፅ «ሞትኩ» ይላል። ተርጓሚው መሳቢያውን ወደ ካርቶን እየገለበጠ ነበር። ቀና ሲል አያት። ፊቱ መጀመሪያ በራ፤ ከዚያ ራሱን ሰበሰበ።

«ይግቡ» አላት። «ይቀመጡ።»

«ማንን ነው አንቱ የምትለው?»

«ምን ልታዘዝ?»

አንቱታው በጥፊ ከመመታት ይብስ ነበር። ብሌን ጥርሷን ነክሳ አጠገቡ ሄደችና ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነች።

«ይኼን ቁልፍ ማን ነው የተረጎመው?»

«የትኛውን?»

«አንብበው።»

«መልስ» ብሎ አነበበ። «እኔ ነኝ። ምን ሆነ?»

«ምን ማለት ነው?»

«የተሰጠህን ዕቃ ለሰጠህ ሰው መልስ። ግልጽ ነው።»

«ከላዩ ያለውን ደግሞ አንብበው። አንተ የጻፍከውን።»

«ለምን ታሾፊብኛለሽ?» አንቱታው ወደቀበት። እሷ ዝም ስትል ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። «ድልድዩን ከእኔ ጋር ትጠብቂያለሽ? እሺ ካልሽኝ አልሄድም።»

«ጥያቄ ነው አይደል? ከጥያቄ በታች ‹መልስ› ተብሎ ሲጻፍ ሰው ምን ይረዳል? ትምህርት ቤት አልገባህም አንተ?»

የተርጓሚው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ቃሉን አንዴ በአንድ መልኩ፣ አንዴ በሌላ መልኩ አላመጠው። መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ሲሆን ፊቱ የልጅ ፊት ይሆናል፤ ብሌን ይህን ስለምታውቅ ወደ ሌላ ቦታ አየች። ገና ተናድዳ አልጨረሰችም።

«ሞትኩ» አለ ባልደረባው።

«‹መልሺው› ብለህ ብትጽፍ ይገባኝ ነበር እኮ» አለች። «ሁለት ፊደል። አንተ ግን ዓለሙን ሁሉ ወንድ አድርገህ ጻፍከው።»

«ጨዋታው ተጫዋቹ ሴት ይሁን ወንድ አይለይም፤ ስለዚህ ሁሉንም በወንድ...»

«እኔን ግን ትለየኛለህ።»

እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ አድርጎ ጠየቃት። «እና እሺ ነበር?»

«እሺ ነበር።»

«‹ነበር› ያልሽው...»

«ሰዋሰው አታርመኝ። ዛሬ ጠዋት ምን አደረግህ?»

ካርቶኑን አየ። «ደወልኩላቸው። እመጣለሁ አልኩ። ቅዳሜ ነው በረራው።»

ብሌን እስካሁን የተናደደችው በቁልፉ መስሏት ነበር። አሁን ግን ከቁልፉ ሥር የነበረው ሌላው ንዴት ብቅ አለ፤ እሱ አያስቅም።

«ለእነሱ ደወልክ» አለች። «አይተሃቸው ለማታውቃቸው ሰዎች። ለእኔ መደወል ለምን አቃተህ? ለምን መለስሽብኝ ብለህ መጠየቅ፣ መሳደብ፣ ደጃፌ መጥተህ መጮህ። በር ብዘጋብህ እንኳ አንኳኩተህ ትሞክራለህ እኮ።»

ተርጓሚው መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ይጠርጋል፤ የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም።

«እውነቱን ልንገርሽ?» አለ። «ሰይፉ ሲመለስ አልገረመኝም። ሌላው ቢቀር ልደነግጥ ይገባኝ ነበር። ‹አዎ፣ በቃ› ነው ያልኩት። እንደሚመጣ የማውቀው ነገር ነው፣ መጣ። አባትሽ ከተናገሩበት ቀን ጀምሮ እንቢታሽን ስጠብቅ ነበር። የጠበቅሁት ነገር ሲመጣ ምን ብዬ ልጠይቅ?»

«እኔ ግን እንቢ አላልኩም።»

«አላልሽም። እኔ ነኝ ያልኩልሽ።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእነሱ ዝምታ ግን በአንድ አዳር ነቅዞ ነበር። እሱ እንቢታዋን አዘጋጅቶ እንደጠበቀ ሁሉ፣ እሷም ስልኩ ዝም ሲል ተጸጸተ ለማለት አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ቁልፉማ ምን አደረገ? ቀድሞ የተከፈተ በር ነው ያገኘው።

«ሰይፉን እንደገና ላክልኝ» አለች።

«አይቻልም። የተመለሰ ሽልማት ዳግም አይሰጥም።»

«ይኼንንስ በትክክል ነው የተረጎምከው?»

«ይኼንን በትክክል ነው» አለና ሳያስበው ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ወዲያው ጠፋ። «ወራት ሙሉ የለፋሁበት ነው። ለአንቺ ካልሆነ ምን ያደርግልኛል? ጠላት ልመታበት?»

«ሰይፉ ይቅር። አፍህ አልቀረም።»

«እዚህ?»

«እዚህ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ... ማለት የፈለግሁት... ካንቺ ጋር... ቆይ፣ ‹ካንቺ ጋር› ከሚል ‹አብሬሽ› ቢባል...»

«አትምረጥ፣ በእግዜር። ቃል አትምረጥብኝ። የመጣልህን በል።»

መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ አሁን እሷን እንደ ብዥታ ነው የሚያያት፤ ምናልባት ያ ረድቶት ይሆናል።

«መሄድ አልፈልግም» አለ። «አባትሽን እፈራለሁ። እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ ያ በር ራሱ ያስፈራኛል። ሰይፍ የፈለግሁት ባዶ እጄን መምጣት አፍሬ ነው፤ ሌላ የምሰጥሽ ስለሌለኝ። ከኋላ ክፍል ሆነሽ ስትስቂ የሰማሁ ቀን መነጽሬ መሰበሩ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ልሰብረው አስቤም አውቃለሁ። አግቢኝ።»

ጥግ ያለው ሰው ማዳመጫውን ካወለቀ ቆይቷል። ብሌን አላለቅስም ብላ ነበር የመጣችው፤ እንባዋ መምጣቱ ራሱ አበሳጫት፣ በእጇ መዳፍ ጠረገችው፣ ሌላ መጣ።

«እሺ» አለች። «ሰማህ? እሺ። በአፌ ነው።»

ተርጓሚው በሩን አልፎ ሄዶ ኮሪደሩ ላይ ለቀጣሪዎቹ ደወለ። ድምፁ ተቆራርጦ ይሰማታል፤ አዎ፣ አውቃለሁ፣ ይቅርታ፣ አዎ ጠዋት እሺ ብዬ ነበር። ሲመለስ ፊቱ ገርጥቷል።

«ጮሁብኝ። ልክ ናቸው። እዚህም ወንበሬን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፤ ከሰኞ ጀምሮ ይገባል። ስለዚህ አሁን ሥራ የለኝም።»

«ተነስ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«አባቴ ጋ። አሥር ሰዓት የዓይን ሐኪሙ ከእናቱ ጋር ይመጣል። ለምን እንደሚመጡ ታውቃለህ።»

«ዛሬ? ሥራ ፈት ሆኜ ነው አባትሽ ፊት የምቆመው?»

«ሥራ ያለህ ጊዜም አልቆምክም።»

ከዚህ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ተከተላት። ባልደረባው «አይዞህ፣ እኔ በቀን ስንቴ ነው የምሞተው» አለው።

መንገድ ላይ ሲለማመድ ሄደ። «ጌታዬ ልበላቸው? ወይስ አባባ? አባባ ድፍረት አይሆንም? ‹ልጅዎን› ልበል ወይስ...» ብሌን በአንድ በኩል ልታንቀው፣ በአንድ በኩል ክንዱን ልትይዝ ፈለገች። ክንዱን ያዘች። ፎቶ ቤቱ ጥግ ሲደርሱ እግሩ በልማድ ቆመ። ጎተተችው።

በመነጽር ቤቱ መስኮት ውስጡ ይታያል። የሐኪሙ እናት ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሐኪሙ ቆሞ ጣሪያውን ያያል። አባቷ እየሳቁ ሻይ ያቀርባሉ፤ ዓይናቸው ግን በየመሃሉ ወደ በሩ ይሄዳል። ያቺ ሴትዮ እስካሁን አልሄዱም፤ መስተዋቱ ፊት ሆነው ሌላ መነጽር አድርገዋል።

ተርጓሚው እጁን በሩ ላይ አድርጎ ዞረ። «ምን ብዬ ልጀምር?» አላት፤ በሹክሹክታ።

ብሌን መልሱ አፏ ላይ ነበር። ሁልጊዜም አፏ ላይ ነው፤ የትኛውን ቃል እንደሚል፣ የቱ ላይ ቆም እንደሚል፣ ለአባቷ ምን እንደሚጥማቸው፣ ምን እንደሚቆረቁራቸው ሁሉ ታውቃለች። ዋጠችው።

«አላውቅም» አለችው።

ለአፍታ አያት። ከዚያ ትከሻውን ቀና አድርጎ በሩን ገፋ፤ ከእሷ ቀድሞ ገባ። አባቷ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዙ ቆሙ። የሐኪሙ እናት ፊታቸውን አዞሩ። ብሌን ከኋላው ደፉ ላይ ቆማ አፉ ሊከፈት ሲል አየች፤ ከጠዋት ጀምሮ ሲያቃጥላት የዋለው ንዴት የት እንደገባ አላወቀችም። የሚለው ቃል ቢንተባተብ፣ ቢደናቀፍ፣ ከመሃሉ ቢሰበር እንኳ አንድም ቦታ ልታርመው አልፈለገችም፤ ፈርታ ነበር፣ እስከ ጥፍሯ ድረስ ፈርታ ነበር፣ እና ፍርሃቷን ማንም እንዲወስድባት አልፈቀደችም።